አንዷ ፒክአፔ ሁለት ሆና ስለ መገኘቷ

ባሕር ዳር፣ የካቲት 25 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ክንዱ
የትርፍ ተሽከርካሪዎች አጣሪ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ጤናና በተለይም ለወገብዎ ደህንነት ያለኝን ልባዊ ምኞት በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ። ወገብዎን ለይቼ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥር 17 ቀን ጀምሮ የሚሄዱባትን ፒክአፕ ባሌስትራ ከአንድ ከወደቀ ከባድ የጭነት መኪና አስፈትቼ ያስገጠምሁት እኔ ስለሆንሁ፣ ባዶዋን ስትሄድ ተሳፋሪዋን ወዴት ወዴት እንደምታነጥር ከማንም በላይ አውቃለሁ። ከኋላዋ አራት ኩንታል ያህል አሸዋ ቢያስጭኑባት ረጋ ትላለች። ምክሩ በነፃ ነው።

እኔ ወልደ ገብርኤል አዘዘ የተባልሁ፣ በልጅነቴ ቅኔ የቆጠርሁ፣ ካደግሁ በኋላ ደግሞ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት አገልግዬ አምና በጡረታ የተሰናበትሁ የቀበሌው ነዋሪ ነኝ። እርስዎ ግን የሚያውቁኝ «የሁለት ተሽከርካሪዎች ባለንብረት» በሚለው ማዕረግ ነው። ይህን ደብዳቤ በቀበሌያችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ ለድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እማጸናለሁ። ከዚህ በፊት ያስገባኋቸው አራት ማመልከቻዎች በጠረጴዛዎ ላይ ከሻይ ብርጭቆ ሥር ተነጥፈው በማገልገል ላይ መሆናቸውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ አምስተኛውን ብጨምር ብርጭቆው ከፍ ብሎ ይወድቅብዎታል ብዬ ሰጋሁ። ደግሞም ባለፈው ወርኃዊ ስብሰባ ሂስና ግለ ሂስ በአደባባይ እንጂ በጓዳ እንደማይሆን ሁለት ሰዓት ሙሉ አስተምረውናል። እኔም በትምህርትዎ መሠረት ከራሴ እጀምራለሁ።

ግለ ሂስ። በ1971 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ከአንድ እርሻ በጨረታ የተወገደች ፒክአፕ ገዛሁ። ከግቢው ያወጣናት በሁለት በሬ ጎትተን ነው። የቀኝ በር አልነበራትም፤ መቀመጫዋ የሳሙና ሣጥን ነበር፤ አርማዋ ከግንባሯ ወድቆ ስለጠፋ የየትኛው አገር ሥሪት እንደሆነች እንኳ የሰፈሩ ሰው እስከ ዛሬ አልተስማማም። መካኒኩ ገብረ መስቀል ሞተሯን ከፍቶ ካየ በኋላ፣ ጎርደድ ጎርደድ ብሎ ተመልሶ፣ «ጋሼ፣ ይቺ መኪና አልሞተችም፤ ግን ኑዛዜዋን ጨርሳለች» አለኝ።

አንድ ደመወዝተኛ እንዲህ ያለ ነገር ስለ ምን ገዛ ብለው ይጠይቁ ይሆናል፤ ባይጠይቁም እነግርዎታለሁ፣ ምክንያቱም ጉዳዩ ሁሉ ይኸው ነው። ባለቤቴ ሰገነት የቁንዝላ ልጅ ናት። በ1960 ዓ.ም. ከእናቷ ዘንድ ስትመለስ የተሳፈረችበት ጀልባ ጣና ላይ ተገልብጦ በሕይወት ተረፈች፤ ጉልበቷ ግን ተሰበረ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጀልባ ማየት አትወድም። አውቶቡሱ የሚደርሰው ዱርቤቴ ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ለእግረኛና ለበቅሎ የተተወ ሲሆን፣ የሰገነት ጉልበት ደግሞ መራመዱንም መፈናጠጡንም አይችልም። እናቷ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን በበኩላቸው ዓይናቸው ፈዞ ከቤት ውለዋል፤ ልጄን በሰበረ ውኃ ላይ አልሳፈርም ብለውም ምለዋል። በዚህ ምክንያት፣ ሰማዩ በጠራ ቀን ሐይቁን አሻግረው ወደ ሰፈሩ የሚጠቁሙት አገር ለእናትና ለልጅ አሥራ ስምንት ዓመት ራቀ። እኔም ሰገነትን ያገባሁት ከዚያ አደጋ በኋላ ስለሆነ እናቷን በአካል አላውቃቸውም፤ ያለ እሷም ደጃቸውን ላልረግጥ ቃል ገባሁላት። ፒክአፗ የተገዛችው ለዚህ ብቻ ነው፤ ሚስቴን ከእናቷ ደጃፍ ለማውረድ።

ሰባት ዓመት ፈጀብን። በመጀመሪያው ዓመት እስከ ከተማው ጫፍ ሄድንና በሰው እየተገፋን ተመለስን። በሁለተኛው ዓመት ሞተሯን አውጥተን፣ ከሐይቁ አገልግሎት የተሰናበተ የጀልባ ሞተር ገብረ መስቀል ባልተጻፈ ጥበብ ገጠመላትና መራዊ ከተማ ደረስን። ሰገነት ሞተሩ የጀልባ መሆኑን ስትሰማ ሁለት ወር አኮረፈችኝ፤ ውኃ በሌለበት ሊገለበጥ እንደማይችል ምዬላት ነው ያሳፈርኋት። ቀጥሎ የሳሙና ሣጥኑ ተነሣ። በደሴት ገዳም የብራና መጻሕፍት የሚጠርዙት መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ የለፋ የበሬ ቆዳ አምጥተው መቀመጫዋን ልክ እንደ ዳዊት ሰፉት፤ ከእጅ ልማድ የተነሣም መደገፊያው ላይ መስቀል ደጎሱበት። ስለዚህ መስቀል መሥሪያ ቤትዎ በጽሑፍ ማብራሪያ እንደጠየቀኝና፣ እኔም ስነዳ ጀርባዬን የምሰጠው ለእሱ መሆኑን በማስረዳቴ ጉዳዩ በጭብጨባ እንደተዘጋ ያስታውሳሉ።

ከዚያ የቀኝ በር መጣ። ከመዝገብ ቤታችን ከተወገደ የብረት ቁም ሣጥን ተቆርጦ የተሠራ ነው፤ «ወጪ ደብዳቤ» የሚለው ጽሑፍ በቤንዚን ቢታሽም አልለቅ ስላለ እንዳለ ተገጠመ። ከበሩ ሥር ለሰገነት ጉልበት የሚመች ዝቅ ያለ መርገጫ ተበየደ። ጭነት የሚይዘው ስፖንዳ ከዋንዛ ተሠራ። ወተት ዓባይ ደረስን፤ እዚያም ሻንሲዋ ከመሃል ተሰነጠቀና ከተቃጠለ መኪና በተገኘ ሌላ ሻንሲ ተተካ። ዱርቤቴ ደረስን። አምና ልበን ከተማ ገብተን፣ ቁንዝላ ሊታየን ጥቂት ሲቀረው ፍሬኑ እምቢ ስላለ በመጀመሪያ ማርሽ እያዘገምን ተመለስን። ቤት ስንደርስ ሰገነት «ለከርሞ ፍሬን ግዛላት» አለችኝ። ገዛሁላት።

እያንዳንዱን ማሻሻያ ለወይዘሮ ወለተ ኪዳን በደብዳቤ እጽፍላቸው ነበር፤ የደብራቸው ቄስ ያነቡላቸዋል። አሮጊቷ በየዓመቱ ዘንድሮስ ይደርሳሉ እያሉ አንድ በግ ከቤት አስረው ሲቀልቡ፣ ክረምት ሲገባ ሲሸጡ፣ በመስከረም ሌላ ሲገዙ ሰባት ዓመት ቆዩ። ስለዚህም ፒክአፗን ሳያዩ፣ ብሎን በብሎን፣ ከእኔ ባልተናነሰ ያውቋታል።

ይህ ሁሉ ጥፋት አይደለም። ጥፋቴ ከዚህ ይጀምራል። የመዝገብ ቤት ሰው ምንም ነገር አይጥልም። ከመኪናዋ የወለቀውን ሁሉ ወደ ጓሮዬ እየወሰድሁ በእያንዳንዱ ላይ በሲባጎ ካርቶን አሰርሁበት፤ በካርቶኑም ላይ «አሮጌው መኪና፣ ሞተር»፣ «አሮጌው መኪና፣ የፊት መብራት፣ አንድ ብቻ» እያልሁ በጥሩ እጅ ጽሑፍ መዘገብሁት። ስፈልገው ቶሎ እንዳገኘውም የተሰነጠቀውን ሻንሲ አጋድሜ፣ ሞተሩን ከፊት፣ የሳሙና ሣጥኑን ከመሃል፣ ያለቁትን ጎማዎች በአራቱ ማዕዘን፣ ሁሉን በየቦታው አስቀመጥሁት። በሕይወቴ ሌላ አሠራር አላውቅም። እንደ ማንኛውም ሰው አጥር ሥር ወርውሬው ቢሆን ኖሮ ቁርጥራጭ ብረት ሆኖ ይቀር ነበር፤ በሥርዓት ስላስቀመጥሁት መኪና ሆነ።

በታኅሣሥ ወር የንብረት ቆጠራ ሲደረግ የቀበሌው ቆጣሪ ጓድ የብርጓል ቅጿን ይዛ ወደ ግቢዬ መጣች። ቅጹ «ተሽከርካሪ፣ ብዛት» የሚል እንጂ ለቁርጥራጭ የተተወ ቦታ አልነበረውም። ጓሮውን ዞረች፤ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አነበበች፤ ከዚያም «ሁለት» ብላ ጻፈች። ስለምናትም፣ «ጋሽ ወልደ ገብርኤል፣ እኔ ምን ላርግዎ? መኪና ነው ብለው የጻፉበት እርስዎ ነዎት» አለችኝ። ልጅቷ እውነቷን ነው። ለንጹሕ የእጅ ጽሑፌ ኃላፊነቱን ሙሉ በሙሉ እወስዳለሁ።

ግለ ሂሴ እዚህ ላይ ተፈጸመ። ቀጥሎ የሚመጣው ሂስ እንዳይመስልዎት፤ በተራ ቁጥር የቀረበ ምስጋና ነው።

1ኛ. ኮሚቴዎ አንድ ቤተሰብ ሁለት ተሽከርካሪ ይዞ መገኘት እንደማይገባው ከወሰነ በኋላ፣ ሁለቱንም ሊወስድብኝ ሲችል፣ የእኔ የሆነችውን ለይቶ ሊተውልኝ ስላደረገው ድካም ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ሲመሳከር የእኔ መኪና ጓሮ ያለችው ሆና ተገኘች። የጨረታ ሰነዱም የገዛኋት መኪና የቀኝ በር እንደሌላት ስለሚመሰክር፣ በር ያላት መኪና የእኔ ልትሆን እንደማትችል በሙሉ ድምፅ ተረጋገጠ። የምትሄደዋ ባለቤት አልባ ሆና ስለተገኘች ሜዳ ላይ ወድቃ እንዳትቀር እርስዎ ራስዎ ተረከቧት። የተረከቧት ጥር 17 ቀን ቅዳሜ ጧት፣ ለአስተርዮ ማርያም ቁንዝላ ልንደርስ ሞተሩ ተነሥቶ፣ ሰገነት ነጭ ልብሷን ለብሳ ከተቀመጠች በኋላ ነው። የላኳቸው ሰዎች እጅግ ጨዋ ነበሩ፤ አንደኛው እጇን ይዞ፣ ሁለተኛው ስንቋን ተሸክሞ በመርገጫው በኩል ቀስ አድርገው አወረዷት። እሷ አላለቀሰችም። እኔ አለቀስሁ፤ ይህንንም በግለ ሂሱ ውስጥ ሊያስገቡልኝ ይችላሉ።

2ኛ. ጓሮ ያለችው መኪናዬ «እየተነዳች ለዓመታዊ ምርመራ ትቅረብ» የሚል ደብዳቤ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። መነዳቱ ስላልሆነላት በሦስት የፈረስ ጋሪ ጭኜ አቀረብኋት፤ በግቢዎ ውስጥም በካርቶኑ ቅደም ተከተል እንደገና ደረደርኋት። ከኮፈኗ ሥር የታቀፈች አንዲት ዶሮ ነበረች፤ እንቁላሎቿ እንዳይቀዘቅዙ ብዬ አብሬያት መጣሁ። መርማሪው ሦስት ጊዜ ዞሯትና ቁጥሮቹ ሁሉ በትክክል ስለገጠሙለት ምርመራውን ማለፏን ፈረመልኝ። በምርመራ ወረቀቱ ላይ «ፍሬን፦ እንከን አልታየበትም» ተብሏል። በእውነትም ያለፍሬን ቆማለች። የቀድሞዋ፣ ማለቴ የእርስዎዋ፣ በእኔ እጅ ሳለች ይህንኑ ምርመራ ሦስት ጊዜ ወድቃለች፤ ይህን የምጽፈው ለማሳጣት ሳይሆን ለመኪናዬ ያለኝን ኩራት ለመግለጽ ነው። ዶሮዋም ዘጠኝ ጫጩት ፈልፍላለች።

3ኛ. ሕጋዊት መኪናዬ የነዳጅ ኩፖን ተፈቅዶላታል። አንድ ጠብታ ስለማትጠጣ ኩፖኑን ምን ላድርገው እያልሁ ሳስብ፣ እርስዎ ሾፌርዎን ልከው ችግሬን አቃለሉልኝ። ለካ የእርስዎዋ ወረቀት የሌላት መኪና በመሆኗ ኩፖን አልተፈቀደላትም! የእኔዋ ወረቀት አላት፣ የሚዞር መንኮራኩር የላትም፤ የእርስዎዋ መንኮራኩር አላት፣ ወረቀት የላትም። ሁለቱ ተደምረው አንድ መኪና እንደሚወጣቸው ለኮሚቴዎ ላስረዳ ስሞክር ስብሰባው ተበተነ። ኩፖኑን ግን ሰጠሁ።

አራተኛውን በቁጥር ላስቀምጠው ፈልጌ እጄ እምቢ ስላለኝ እንዲሁ እጽፈዋለሁ።

የካቲት 8 ቀን፣ ቅዳሜ፣ የዓሣ አስጋሪዎችን ማኅበር ለመጎብኘት ወደ ቁንዝላ ሄደዋል። እኛ ሰባት ዓመት የተጓዝንበትን መንገድ እርስዎ በአንድ ጧት፣ በእኔ ኩፖን፣ በአዲሱ ፍሬን ጨርሰውታል። እንኳን በደህና ገቡ። ከሰፈሩ መግቢያ ላይ አንዲት አሮጊት ከቤታቸው ወጥተው መንገድዎ ላይ ቆመዋል። ስለሚቀጥለው ነገር የማውቀው ወይዘሮ ወለተ ኪዳን በቄሱ እጅ አጽፈው ለልጃቸው ከላኩት ደብዳቤ ነው፤ ቃሉን እንዳለ እገለብጥልዎታለሁ፦

«ሰገነት ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል። ባልሽ ቅዳሜ ለት ደረሰልኝ። ድምጡን ከሩቅ ስሰማ፣ ይች ያ የጀልባው ሞተር ናት ብየ ብድግ አልሁ። ስፖንዳዋን ዳሰስሁት፣ ዋንዛ ነው። ወንበሯን ዳሰስሁት፣ የመሪጌታ ስፌት ነው። ከዚያ ወዲያ ማንን ልጠይቅ? ባልሽን ሰው ሁሉ ከሲታ ነው ይለኝ ነበር፤ እጁን ስይዘው ግን ድልብ ነው፣ ደህና አርገሽ ይዘሽዋል። በጉን አረድሁለት። በላልኝ፤ የተረፈውንም ቋጥሬ አስያዝሁት። ጨዋ ነው፣ ብዙም አይናገር። አንችን ምነው ጥለሃት መጣህ ብለው፣ በሚመጣው ቅዳሜ ትመጣለች አለኝ። ይኸው ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከመንገዱ ዳር ተቀምጨ እጠብቃለሁ።»

ክቡር ሆይ፣ እርስዎን በውሸት አልከስም። «አማችዎ ነኝ» አላሉም፤ አሮጊቷም ማን ነህ ብለው አልጠየቁዎትም። ዝም ብለው በሉ። የሰው በግ መብላት ደግሞ ከሥልጣን ጋር አብሮ የመጣ ነገር ነው፣ ይብሉ። ደብዳቤውን ለሰገነት ጮክ ብዬ ሳነብላት ስለ ውፍረትዎ የተጻፈው ላይ ስደርስ ዓይኗ እስኪያነባ ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ወደ መጨረሻው ስንደርስ ግን ወረቀቱን ከእጄ ነጥቃኝ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቅዳሜ አልፏል። በሁለቱም ቅዳሜ የሰባ ሦስት ዓመት አሮጊት ከመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ከጧት እስከ ማታ ተቀምጠዋል፤ መኪና በሌለበት መንገድ ላይ የመኪና ድምፅ ሲያዳምጡ ውለዋል።

የመጣው ሰው እኔ አይደለሁም ብዬ ልጽፍላቸው ሦስት ጊዜ ብዕር አነሣሁ። ሦስት ጊዜም ወረቀቱን ቀደድሁት። ሰባት ዓመት የቀለቡትን በግ ለማን እንዳረዱት እንዴት ብዬ ልንገራቸው? እፍረቱ የእኔ ባይሆንም አፈርሁ።

ስለዚህ መኪናዬን ይመልሱልኝ ብዬ አላመለክትም። ኮሚቴው የወሰነውን እኔ አላፈርስም፤ ሕጋዊት መኪናዬም ከነጫጩቶቿ ጓሮዬ አለች፣ ገብረ መስቀልም በመጪው ዓመት መሪ ሊያበጅላት ቃል ገብቶልኛል፤ በዚህ አካሄድ በ1985 ዓ.ም. ገደማ መራዊ እንደርሳለን። እኔ የማመለክተው ስለ ሌላ ጉዳይ ነው። እርስዎ ከመኪናዋ ጋር አማችነቴንም ተረክበዋል። ርክክብ ደግሞ ሙሉ መሆን እንዳለበት እርስዎ ራስዎ ያውቃሉ። የወይዘሮ ወለተ ኪዳን ቤት ጣሪያ ክረምት ሳይገባ ሣር መልበስ አለበት፤ አጥራቸው በሰሜን በኩል ወድቋል፤ ለፋሲካም አማች ባዶ እጁን አይሄድም። ይህን ሁሉ ቢተዉት እንኳ፣ ከአሮጊቷ በግ ጋር አብሮ የወጣ አንድ ቃል አለ፤ «በሚመጣው ቅዳሜ ትመጣለች» ብለዋል። እሱን ቃል ብቻ እንዲፈጽሙ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። ሰገነትን ወስደው ከእናቷ ደጃፍ ያውርዷት። እኔ ቀርቼ እሷ ትድረስ። ከዚያ በኋላ መኪናዋን ቢፈልጉ ሦስት ናት ይበሉ።

ለሰጡኝ ጊዜ፣ ለሚሰጡኝ መልስ፣ መልስ ካልሰጡኝም ለዝምታዎ አስቀድሜ እያመሰገንሁ፣ ሥራዎ እንዲቃናልዎ፣ ወንበርዎ እንዲደላዎ፣ ባሌስትራው እንዲለሰልስልዎ እመኛለሁ።

የአንዲት መኪና ሁለት ጊዜ ባለቤት፣ የአንዲት ሚስት አንድ ጊዜ ባል፣
የእርስዎም ታዛዥ
ወልደ ገብርኤል አዘዘ

ግልባጭ፦
ለጓድ የብርጓል፣ ቅጹ ላይ ለቁርጥራጭ የሚሆን አንድ መስመር እንዲጨመር፤
ለመካኒክ ገብረ መስቀል፣ ለመረጃ ያህል፤
ለሻይ ብርጭቆዎ፣ እንደተለመደው።

ከደብዳቤው የተረፈ፦ የፊታችን ቅዳሜ የካቲት 29 ቀን የጾሙ ቅበላ ስለሆነ፣ ሰገነት ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ልብሷን ለብሳ በመሥሪያ ቤትዎ በር ላይ ትቆማለች። ልቁም ያለችው እሷ ናት፣ እኔ አላስገደድኋትም። ስትደርሱ እናቷ ከመንገዱ ዳር ተነሥተው ሁለታችሁንም በእጃቸው እየዳሰሱ መሳማቸው አይቀርም። እንግዲህ በዚያች ሰዓት ሰገነት እርስዎን ማን ብላ እንድታስተዋውቅዎ እንደሚፈልጉ እስከ ዓርብ ድረስ በጽሑፍ ቢያሳውቁን እንወዳለን፤ እስከ ዛሬ ድረስ ለእናቷ ዋሽታ አታውቅም።